ስሌት ያለ ምክር ቤት፦ የፍሪትዝ ባዴ ሁለት የፓርላማ ዘመናት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለነበረው የምዕራብ ጀርመን ምጣኔ ሀብት በሚጻፉ ሥራዎች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚነሡት ሁለት ባለሙያዎች ናቸው። አንደኛው ከ1949 ጀምሮ የምጣኔ ሀብት ሚኒስትር፣ ከ1963 እስከ 1966 ደግሞ መራሔ መንግሥት የነበሩት ሉድቪግ ኤርሃርድ ናቸው። ሁለተኛው የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩትና ከ1966 እስከ 1972 በሚኒስትርነት ያገለገሉት ካርል ሺለር ናቸው። ሁለቱም የሚመዘኑት በያዙት ሥልጣንና በሥልጣን ዘመናቸው በፈጸሙት ተግባር ነው። ይህ መለኪያ አንድን ዓይነት ሰው ከታሪክ መዝገብ ያወጣል፤ ዕድሜውን በምርምር ተቋምና በምክር ቤት ወንበር መካከል ያሳለፈውን፣ ነገር ግን አንድም ቀን የሚኒስትርነትን ወንበር ያልያዘውን ባለሙያ።

ፍሪትዝ ባዴ (1893–1974) እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ። ከ1930 እስከ 1933 የራይኽስታግ፣ ከ1949 እስከ 1965 ደግሞ የቡንደስታግ አባል ሆነው ሠርተዋል፤ በሁለቱም ጊዜ የወከሉት የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲን ነው። በቡንደስታግ የቆዩባቸው 16 ዓመታት ፓርቲያቸው ያለማቋረጥ በተቃዋሚ ወገን የተቀመጠባቸው ናቸው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የባዴን ሙሉ የሕይወት ታሪክ መተረክ አይደለም። ጽሑፉ የሚሟገተው ለአንድ ነጥብ ነው፦ ትክክለኛ የምጣኔ ሀብት ስሌት የሚፈተሽበትና የሚጠየቅበት ሕያው ምክር ቤት ከሌለ ወይ ይባክናል፣ ወይም ባልታሰበለት እጅ ይወድቃል፤ ስለዚህ ወደ ምክር ቤት የሚገባ ተመራማሪ ሙያውን እንደከዳ ሊቆጠር አይገባም። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የ1932 ስሌት

ባዴ በሙያቸው የእርሻ ምጣኔ ሀብት ባለሙያ ነበሩ። የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ በ1927 በኪል ከተማ ባካሄደው ጉባኤ ያጸደቀው የግብርና መርሐ ግብር በአመዛኙ የእርሳቸው የእጅ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ስማቸው በምጣኔ ሀብት አስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ የገባው ከእርሻ ጋር በቀጥታ ባልተያያዘ ጉዳይ ነው።

በ1932 መጀመሪያ በጀርመን የተመዘገቡት ሥራ አጦች ቁጥር ከ6 ሚሊዮን አልፎ ነበር። የመራሔ መንግሥት ሃይንሪኽ ብሩኒንግ አስተዳደር ለዚህ የሰጠው ምላሽ ደመወዝን፣ ዋጋንና የመንግሥት ወጪን በአስቸኳይ ድንጋጌ መቀነስ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ወር የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት የስታቲስቲክስ ኃላፊ ቭላዲሚር ቮይቲንስኪ፣ የእንጨት ሠራተኞች ማኅበር መሪ ፍሪትዝ ታርኖቭ እና ባዴ ተቃራኒውን መንገድ የሚያሳይ ዕቅድ አቀረቡ። ዕቅዱ በሦስቱ ሰዎች ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተሰይሟል። ፍሬ ነገሩ ግልጽ ነበር፦ መንግሥት በብድር 2 ቢሊዮን ማርክ አግኝቶ በሕዝባዊ ሥራዎች ላይ ያውል፤ በዚህም 1 ሚሊዮን ሰዎች ሥራ ያግኙ።

የዕቅዱ አመክንዮ ዛሬ ለማንኛውም የመጀመሪያ ዓመት የምጣኔ ሀብት ተማሪ እንግዳ አይደለም። ሥራ ያገኘ ሰው የሥራ አጥ ድጎማ ከመቀበል ይልቅ ግብር ይከፍላል፤ ደመወዙን ሲያወጣ ሌላው ይሸጣል፤ የሸጠው ነጋዴ ለፋብሪካው ያዝዛል። ፋብሪካውም ሠራተኛውም ሥራ ፈት በሆኑበት ጊዜ አዲስ ብድር በመጀመሪያ የሚያንቀሳቅሰው ምርትን እንጂ ዋጋን አይደለም። ጆን ሜናርድ ኬይንስ ይህን ሐሳብ በአጠቃላይ ንድፈ ሐሳብ መልክ ያሳተሙት በ1936 መሆኑ ሲታሰብ፣ የሦስቱ ሰዎች ዕቅድ ምን ያህል ቀድሞ እንደተገኘ ይታያል።

የሠራተኛ ማኅበራቱ ኅብረት በሚያዝያ 1932 በርሊን ላይ በጠራው ልዩ ጉባኤ የሥራ ፈጠራውን ጥያቄ ተቀበለ። ፓርቲው ግን ዕቅዱን የራሱ አላደረገውም። ተቃውሞውን የመሩት ሁለት ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ታዋቂው ንድፈ ሐሳባዊ ሩዶልፍ ሂልፈርዲንግ ነበሩ። ሌላው የፓርቲው የምጣኔ ሀብት ምሁር ፍሪትዝ ናፍታሊም ከተቃዋሚዎቹ ወገን ቆሙ። በእነርሱ አመለካከት ቀውሱ የሥርዓቱ የራሱ ሕግ ውጤት በመሆኑ በብድር ሊታከም አይችልም፤ ብድሩ የሚያመጣው ሌላ የዋጋ ንረት ብቻ ነው። በኅዳር 1923 አንድ የአሜሪካ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ገብቶ ነበር። ያንን ዓመት በሕይወቱ ያየ ሕዝብ የዋጋ ንረት የሚለው ቃል ሲነሣ እንዴት እንደሚሸበር ለመረዳት አያዳግትም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ነው። ልዩነቱ፣ በ1932 በጀርመን ዋጋ እየወደቀ እንጂ እየናረ አልነበረም።

የተዘጋው አዳራሽ

የዕቅዱ ውድቀት ብዙውን ጊዜ በንድፈ ሐሳብ ግትርነት ወይም በፍርሃት ይተረጎማል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ነገር ግን የሚበቁ አይደሉም። ሦስተኛው ምክንያት ባዴ ራሳቸው የተቀመጡበት አዳራሽ ባዶ መሆኑ ነው። ራይኽስታግ በ1930 ለ94 ቀናት ተሰብስቦ ነበር። በ1932 ግን የተሰበሰበው 13 ቀን ብቻ ነው። ሕግ የሚወጣው በፕሬዚዳንቱ አስቸኳይ ድንጋጌ ነበር። የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ ደግሞ የብሩኒንግ መንግሥት ቢወድቅ የሚተካው ሂትለር ይሆናል በሚል ሥጋት፣ የማያምንባቸውን ድንጋጌዎች ሳይወድ በግድ በዝምታ ያሳልፍ ነበር።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ የምክር ቤት አባል የሆነ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ምን ሊያደርግ ይችላል? ስሌቱን የሚያቀርበው ለመንግሥት ቢሆን መንግሥቱ ለምክር ቤቱ ተጠያቂ አይደለም። ለፓርቲው ቢሆን ፓርቲው መንግሥቱን ለማቆየት እጁን አስሯል። ለመራጩ ቢሆን መራጩ ሁለት አማራጮች ፊት ለፊት ሲሟገቱ የሚሰማበት መድረክ የለም። ስለዚህ ክርክሩ በሠራተኛ ማኅበራት ጽሕፈት ቤቶችና በፓርቲው የውስጥ ስብሰባዎች ተገድቦ ቀረ።

ባዶ የቀረ ጥያቄ ግን ባለቤት አያጣም። በግንቦት 1932 ከናዚ ፓርቲ መሪዎች አንዱ የነበረው ግሬጎር ሽትራሰር በራይኽስታግ ተነሥቶ መንግሥት ሥራ እንዲፈጥር ጠየቀ። ፓርቲው በዚያ በጋ ምርጫ የሥራ ፈጠራን ጉዳይ የቅስቀሳው ማዕከል አደረገው። በሐምሌው ምርጫም 37.3 በመቶ ድምፅ አግኝቶ የምክር ቤቱ ትልቁ ፓርቲ ሆነ። የዚህ ውጤት መንስኤዎች ብዙ ስለሆኑ በአንድ ዕቅድ አለመጽደቅ ላይ መጫን ስሕተት ይሆናል። ሆኖም ስድስት ሚሊዮን ሥራ አጦች ባሉበት አገር የሥራን ጥያቄ ለተቀናቃኝ መተው ምን ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው ቀጥሎ የሆነው ነው። በሰኔ 1933 አዲሱ አገዛዝ በ1 ቢሊዮን ማርክ የተደገፈ የሥራ ፈጠራ መርሐ ግብር አወጀ። በብድር ሥራ መፍጠር እንደሚቻል የተካዱት ሰዎች ባሉት መንገድ ተከናወነ፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ገንዘቡ ወደ ጦር መሣሪያ ምርት ዞረ። በዚያን ጊዜ ገንዘቡ ለምን ይውላል ብሎ የሚጠይቅ ምክር ቤት አልነበረም። የምጣኔ ሀብት መሣሪያ ለሠሪውም ለአጥፊውም እኩል ይታዘዛል። ይህን የባዴ ትውልድ በመጽሐፍ ሳይሆን በራሱ ሕይወት ተማረው። ሂልፈርዲንግ በ1941 ፓሪስ ውስጥ በጌስታፖ እጅ ሞቱ። ቮይቲንስኪ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ ናፍታሊ ወደ ፍልስጥኤም።

ስደትና መመለስ

ባዴ በ1935 ወደ ቱርክ ሄዱ። የቱርክ መንግሥት በዚያ ዘመን ከጀርመን የተባረሩ በርካታ ምሁራንን ይቀበል ነበር። ኋላ የምዕራብ በርሊን ከንቲባ የሆኑት ኤርንስት ሮይተርም በአንካራ ከነበሩት አንዱ ናቸው። ባዴ እስከ 1946 ድረስ በቱርክ ቆይተው መንግሥትን በግብርና ምርትና ገበያ ጉዳዮች አማከሩ። ቱርክ በ1944 ከጀርመን ጋር የነበራትን የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስታቋርጥ እርሳቸውም እንደ ሌሎቹ ጀርመናውያን በአንዲት የአናቶሊያ ከተማ በግዞት እንዲቀመጡ ተደረገ።

ከጦርነቱ በኋላ ያደረጉት የመጀመሪያው ሕዝባዊ ሙግት የጀርመን ፋብሪካዎች እየተነቀሉ መወሰዳቸውን የሚመለከት ነበር። በዚህ ጉዳይ ከአንድ አሜሪካዊ ጋር በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ጽሑፍ በርእሱ ብቻ ብዙ ይናገራል፤ ጥፋቱ የሚፈጸመው በአሜሪካ ግብር ከፋይ ወጪ ነው የሚል ነው። ሙግቱ የተመሠረተው በጀርመን ሥቃይ ላይ ሳይሆን በአንባቢው ኪስ ላይ ነው። አንዱ እጅ ፋብሪካ ሲነቅል ሌላው እጅ ለተራበው ሕዝብ እህል የሚገዛ ከሆነ፣ ወጪውን የሚሸፍነው ያው ሰው ነው። በ1932ቱ ዕቅድና በዚህ ጽሑፍ መካከል ያለው ልዩነት ሊስተዋል ይገባል። የመጀመሪያው ትክክለኛ ስሌት ይዞ የአድማጩን ፍርሃት ማሸነፍ ያልቻለ ነበር። ሁለተኛው ከአድማጩ ጥቅምና ሥጋት የሚነሣ ነው። ይህ የማስታወቂያ ብልሃት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ በምክር ቤት የሚሠራ ባለሙያ ሊያውቀው የሚገባ የሙያው ክፍል ነው።

በነሐሴ 1948 የምዕራብ ጀርመን ክፍለ ግዛቶች ለአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ እንዲያዘጋጁ ተወካዮቻቸውን ባየርን ውስጥ ወደምትገኘው ሄረንኪምዜ ደሴት ሲልኩ፣ የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ተወካይ ባዴ ነበሩ። አንድ የእርሻ ምጣኔ ሀብት ባለሙያ ከሕግ ሊቃውንት መካከል ተቀምጦ ስለ ምክር ቤት ሥልጣን መምከሩ በአጋጣሚ የመጣ ሊመስል ይችላል። ከ1932 አንጻር ሲታይ ግን ተገቢ ቦታው ነው። በ1949 የጸደቀው መሠረታዊ ሕግ ፕሬዚዳንቱ በድንጋጌ የሚገዛበትን በር ዘጋ፤ ምክር ቤቱም ተተኪ ሳይመርጥ መራሔ መንግሥቱን መጣል እንዳይችል አደረገ። ስሌት የሚቀርብበት አዳራሽ ዳግም ተሠራ።

በነሐሴ 1949 በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ ባዴ የቡንደስታግ አባል ሆኑ። በዚያው ዓመት በ1932 ዕቅዳቸውን የተቃወሙት ናፍታሊ አዲስ በተቋቋመው የእስራኤል ክኔሴት ውስጥ ወንበር ያዙ፤ ከ1952 እስከ 1955ም የግብርና ሚኒስትር ሆኑ። በአንድ ፓርቲ ውስጥ በተቃራኒ ጎራ የቆሙት ሁለት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ ከስደት በኋላ በሁለት አዳዲስ ምክር ቤቶች ውስጥ በአንድ ዓመት ተገኙ። ሁለቱም ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛቸው ብቻ መመለስ ይችሉ ነበር፤ አልተመለሱም።

ተመራማሪና የምክር ቤት አባል

ባዴ ወንበራቸውን ከመያዛቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በኪል የሚገኘው የዓለም ምጣኔ ሀብት ተቋም ዳይሬክተርና የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሆነው ነበር። በ1914 የተመሠረተው ይህ ተቋም በ1933 መሥራቹን በርንሃርድ ሃርምስንና ሌሎች ተመራማሪዎቹን ያጣ ነው። ባዴ እስከ 1961 መሩት፤ ከዚያም ቦን ላይ የታዳጊ አገሮችን የምጣኔ ሀብት ጉዳዮች የሚያጠና ተቋም መሠረቱ። በ1960 ባሳተሙትና ወደ 2000 ዓ.ም. የሚደረገውን እሽቅድድም በሚመለከተው መጽሐፋቸውም የሰው ልጅ ፊት ለፊቱ ሁለት መንገዶች እንዳሉ ጻፉ፤ ገነት ወይም ራስን ማጥፋት።

ይህ ድርብ ኃላፊነት ተገቢ ጥያቄ ያስነሣል። በአንድ በኩል የምርምር ተቋም ኃላፊ፣ በሌላ በኩል የአንድ ፓርቲ የሕዝብ ተወካይ የሆነ ሰው ቁጥሮቹን ለፓርቲው እንዲመቹ አያጎብጣቸውም ወይ? ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ በማንኛውም አገር ያለ ተመራማሪም ሊዘነጋው አይገባም። ሆኖም ሥጋቱን ለመመዘን ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ወገንተኝነትንና የተደበቀ ወገንተኝነትን። የባዴ ወገን በይፋ የታወቀ ነበር። የሚጽፉትን የሚያነብ ሰው ከየት ቆመው እንደሚጽፉ ያውቃል፤ በምክር ቤት የሚናገሩትን ደግሞ ከፊት ለፊት የተቀመጠው አብላጫ ወገን ወዲያው ይመረምረዋል። ምንጩ ሳይታወቅ ለባለሥልጣን ጆሮ በምክር መልክ የሚደርስ ስሌት ግን ይህ ፈተና አያገኘውም። አደጋው የሚከፋው በሁለተኛው ነው።

ከዚህም በላይ ባዴ በቡንደስታግ የቆዩት በተቃዋሚ ወንበር ነው። የተቃዋሚ ስሌት የሚያዝዘው በጀት፣ የሚያስፈጽመው ሠራዊት የለውም። ያለው ማሳመን ብቻ ነው። ለተመራማሪ ከዚህ ይልቅ ለሙያው የሚቀርብ የፖለቲካ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

የታሪክ ምሁራን ክርክር

በዚህ ጽሑፍ አቋም ላይ ሊነሣ የሚችለው ጠንካራው መቃወሚያ የመጣው ከምጣኔ ሀብት ታሪክ ነው። ክኑት ቦርካርት በ1979 ባቀረቡት ታዋቂ ሙግት፣ ብሩኒንግ ሌላ የፖሊሲ አማራጭ እንዳልነበራቸው ተከራክረዋል። መንግሥት የሚያበድረው አልነበረውም፤ ማዕከላዊ ባንኩ በዓለም አቀፍ ስምምነት ታስሮ ነበር፤ ደመወዝም ከምርታማነት በላይ ነበር። ካርል ሉድቪግ ሆልትፍሬሪኽና ሌሎች ይህን አልተቀበሉም፤ ክርክሩም ለዓመታት ቀጥሏል።

ቦርካርት ትክክል ናቸው ቢባል እንኳ ድምዳሜው የባዴን ዕቅድ ወደ ምክር ቤት አለማቅረብን አያጸድቅም። የገንዘብ ምንጭ ከሌለ፣ ያ እጥረት በአደባባይ መነገርና መመዘን ነበረበት። በሙግት የተሸነፈ ዕቅድ ለምን እንደተሸነፈ መዝገብ ይተዋል፤ መራጩም ምክንያቱን ያውቃል። ሳይሞገት የተቀበረ ዕቅድ ግን የሚተወው ጥርጣሬን ብቻ ነው። የታሪክ ምሁራን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ያደረጉት ክርክር በ1932 ለሥራ አጦቹ ተወካዮች የሚገባ ክርክር ነበር።

ማጠቃለያ

ባዴ ከቡንደስታግ የወጡት በ1965 ነው። ፓርቲያቸው የመንግሥት ተጣማሪ የሆነው በታኅሣሥ 1966 ነበር። በ1967 መጀመሪያ የሥራ አጦች ቁጥር ከ600 ሺህ በላይ ሲደርስ፣ ሚኒስትሩ ሺለር በብድር የተደገፈ 2.5 ቢሊዮን ማርክ ተጨማሪ የኢንቨስትመንት በጀት ይዘው ምክር ቤት ቀረቡ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የወጣው የምጣኔ ሀብት መረጋጋትና ዕድገት ሕግ ደግሞ ከፍተኛ የሥራ ስምሪትን ከመንግሥት ግዴታዎች አንዱ አደረገው። የ1932 ሐሳብ ከ35 ዓመታት በኋላ ሕግ ሆነ፤ ከአርቃቂዎቹ መካከል ግን በአዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ አልነበረም። ይህን ድል የባዴ ነው ማለት ከማስረጃ ማለፍ ይሆናል። ሕጉን ያወጡት ሌሎች ናቸው፤ የኬይንስ አስተሳሰብም በዚያ ጊዜ በመላው ምዕራብ አውሮፓ ሰፍቶ ነበር። የባዴ ድርሻ ከዚህ ያነሰ፣ ግን የማይናቅ ነው። ስሌት የሚሰማበት አዳራሽ እንዲሠራ ረድተዋል፤ ከተሠራም በኋላ ለ16 ዓመታት ሳያሸንፉ ተቀምጠውበታል።

የምርምር ሥራቸው ለፖሊሲ እንዲጠቅም የሚሹ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጨነቁት ውጤታቸው ለሚኒስትር እንዴት ይደርሳል በሚለው ነው። ከባዴ ጉዞ የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ውጤቱ ሚኒስትሩን የሚጠይቁት ሰዎች ዘንድ ደርሷል ወይ? በ1967ቱ ሕግ ውስጥ ከሥራ ስምሪቱ ግብ ያላነሰ ክብደት ሊሰጠው የሚገባ አንድ አንቀጽ አለ። መንግሥት በየዓመቱ ጥር ወር የምጣኔ ሀብት ሪፖርቱን ለሁለቱ ምክር ቤቶች እንዲያቀርብ ያዝዛል። ሪፖርቱ ስሕተት ሊኖረው ይችላል፤ ትንበያውም ሊከሽፍ ይችላል። ግን ቁጥሩ በየዓመቱ በአዳራሹ ይነበባል፤ ተቃዋሚም ተነሥቶ የራሱን ቁጥር ያቀርባል። በ1932 ጥር ወር ለባዴና ለሁለቱ ባልደረቦቻቸው የጎደላቸው ይህ ነበር።